በልብስ ሰፊ ሜትር የሚነበብ ፕሮቲን፦ የጂን ተቆጣጣሪዎችን ኬሚካዊ ምልክት መከታተያ መንገድ

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር በፈተና ወረቀት ላይ በየዓመቱ የማገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ፎስፌት ሲለጠፍበት ፕሮቲኑ ይሠራል፣ ፎስፌቱ ሲነሳ ሥራውን ያቆማል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ለማስታወስ የሚመች ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ተማሪው ይህን ይዞ ወደ ስኳር ሕመም፣ ወደ ካንሰር ወይም ወደ ደም ማነስ ትምህርት ሲሻገር ግማሹ ነገር ይገለበጥበታል። ይህ ጽሑፍ በቃል የሚያዝ ሌላ ዓረፍተ ነገር አይሰጥም፤ ማንኛውንም ጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ይዞ፣ የተለጠፈበት ምልክት ምን እንደሚያደርገው በእጅ እየነኩ መከታተል የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የጉበት ሕዋስና የዓይን ሕዋስ የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው፤ የሚለያያቸው በውስጡ ካሉት ወደ 20,000 የሚጠጉ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ጂኖች የትኛው እንደሚነበብና የትኛው ተዘግቶ እንደሚቆይ ነው። ይህን የሚወስኑት በዋናነት ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉት፣ እኔ እዚህ ጂን ተቆጣጣሪ የምላቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ሕዋሱ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ተቆጣጣሪ ሠርቶ እስኪጨርስ ቢጠብቅ በጣም ይዘገይ ነበር፤ ስለዚህ ቀድሞ የተሠራውን ፕሮቲን ወስዶ ትንሽ ኬሚካል ይለጥፍበታል ወይም የተለጠፈበትን ይነቅልለታል፤ ይህም በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጸማል። ፎስፌት በፕሮቲን ላይ እየተለጠፈና እየተነቀለ ሥራ እንደሚመራ ያሳዩት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ በ1992 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ሜትሩን ማዘጋጀት

ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ ክርና ቁልፍ መሸጫ ሁለት የልብስ ሰፊ ሜትር ይግዙ፤ ባለ 150 ሴንቲ ሜትሩ ተራ ሜትር ይበቃል። ከልብስ ሰፊ ዘንድ ደግሞ የቀይ፣ የነጭ፣ የቢጫና የጥቁር ጨርቅ ቁርጥራጭ ይለምኑ፤ አንድ እፍኝ መርፌ ቁልፍም ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት በመሆኑና አሚኖ አሲዶቹም ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ በተራ ቁጥር ስለሚጠሩ፣ «ሴሪን 133» የሚል ነገር ሲያነቡ ጣትዎን 13 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ላይ ያሳርፋሉ ማለት ነው። ክሬብ የሚባለው የሰው ፕሮቲን 341 አሚኖ አሲድ ስላለው 34.1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል፤ ፎክሶ-1 ባለ 655 ስለሆነ 65.5 ላይ፣ ሂፍ-1 አልፋ ደግሞ ባለ 826 ስለሆነ 82.6 ላይ ያልቃል። የተረፈውን ሜትር ጠቅልለው በመርፌ ቁልፍ ይያዙት።

ከዚያ ቀለሞቹን ይመድቡ። ቀዩ ፎስፌት ነው፤ ሴሪን፣ ትሪዮኒን ወይም ታይሮሲን በሚባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ይለጠፋል፣ 80 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ያህል ክብደት ይጨምራል፣ ከክብደቱ ይበልጥ ግን የሚያመጣው ኔጋቲቭ ቻርጅ ነው ነገሩን የሚለውጠው። ቢጫው አሴቲል ነው፤ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ተቀምጦ የላይሲኑን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያጠፋል፣ ክብደቱም 42 ዳልተን ነው። ነጩ ሃይድሮክሲል ሲሆን ፕሮቲኑ ላይ የሚጨምረው አንዲት የኦክሲጅን አተም፣ ማለትም 16 ዳልተን ብቻ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ በአማካይ 110 ዳልተን ገደማ ስለሚመዝን፣ እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ናቸው፤ ጨርቁን በጥፍር ልክ የምንቆርጠው ለዓይን እንዲታይ ብቻ ነው። ጥቁሩ ግን ይለያል። እሱ ዩቢኪዊቲን ነው፤ ራሱ ባለ 76 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን በመሆኑ ጥቁሩን ጨርቅ 7.6 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡት፤ ብዙ ጊዜም አንዱ በሌላው ላይ እየተቀጠለ ይረዝማል። ጥቁሩን ከሌሎቹ ጨርቆች ጎን ሲያስቀምጡት ምልክቶች ሁሉ በመጠን እኩያ እንዳልሆኑ ሳይነገርዎ ያዩታል።

እውነተኛ ፕሮቲን እንደ ሜትር ተዘርግቶ አይኖርም፤ ይታጠፋል፣ ሩቅ የነበሩት ነጥቦችም ይገናኛሉ። ሜትሩ ስለ ቅርጽ የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለ ቦታና ስለ ቁጥር ግን አይዋሽም።

አራቱ ጥያቄዎች

በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ምልክት አራት ጥያቄ ይጻፉ። የተለጠፈው በየትኛው አሚኖ አሲድ ላይ ነው? የለጠፈው ማን ነው? የሚነቅለውስ ማን ነው? አራተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ምልክቱን የሚያነበው ማን ነው? የሚለጠፈው ፎስፌት ከሆነ ለጣፊው ካይኔዝ፣ ነቃዩ ፎስፋቴዝ ይባላል። አንባቢ የምለው ደግሞ ምልክቱ ሲኖር ፕሮቲኑን የሚይዘውን፣ ወይም ምልክቱ በመኖሩ መያዝ የሚያቅተውን ሌላ ፕሮቲን ነው። ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በትጋት ይሞላሉ፤ አራተኛውን ባዶ ትተው በቀጥታ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብለው ይደመድማሉ። አራተኛው ካልተሞላ ግን ውጤቱን አይጻፉ፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚገባው በዚያች ባዶ መስመር ነውና።

ጾመኛው ጉበት

ይህን ለማየት ከደሴ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ከተማው ሳይበላ የሚውልበት ብዙ ቀን አለና። የጉበት ሕዋስ ጾሙ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ከምግብ ስንት ሰዓት እንደተቆየ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የረመዳን አመሻሽ ነው እንበል፤ መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። በክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ እሰምራለሁ፤ ክቡ የጉበት ሕዋስ ኒውክለስ ነው፣ ውጭው ሳይቶፕላዝም ነው። አንዷ ተማሪ የክሬብን ሜትር፣ ሌላው የፎክሶ-1ን ሜትር ይዘው ሁለቱም ክቡ ውስጥ ይቆማሉ። የጾመኛው የደም ስኳር ዝቅ ስላለ ቆሽት ግሉካጎን ለቋል፤ ግሉካጎን በጉበት ሕዋስ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ሞለኪውል ያበዛል፤ ይህም ፒኬኤ የተባለውን ካይኔዝ ያነሣሣል። ፒኬኤ ወደ ኒውክለስ ገብቶ ክሬብን ሴሪን 133 ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ተማሪዋ 13.3 ላይ ቀዩን ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ትሰካለች። አሁን አራተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህን ቀይ የሚያነበው ማን ነው? ሲቢፒ የተባለ ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ ቀዩ ሲኖር ክሬብን ይይዛል፣ በአካባቢው ባሉት ሂስቶኖች፣ ማለትም ዲኤንኤው በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ አሴቲል እየለጠፈ ዲኤንኤውን ያላላል፣ ጉበት ስኳር የሚሠራባቸው ኢንዛይሞች ጂኖችም ይነበባሉ። እስከዚህ ድረስ የፈተናው ዓረፍተ ነገር ትክክል ይመስላል።

ከክሬብ ጎን የቆመውን ሜትር ይመልከቱ። ፎክሶ-1 በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ኒውክለስ፣ እነዚያኑ ስኳር ሠሪ ጂኖች እያስነበበ ነው፤ ሜትሩ ላይ ግን በሦስቱ ዋና ዋና ቦታዎች አንድም ቀይ የለም። የሚሠራው ስላልተለጠፈበት ነው።

አዛን ይላል። ጾመኛው በቴምር ያፈጥራል፣ ሾርባው ይቀርባል፣ የደም ስኳሩ ከፍ ይላል፣ ቆሽትም ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን ኤኬቲ የተባለውን ካይኔዝ ያነሣሣል፤ ኤኬቲ ፎክሶ-1ን በሦስት ቦታ፣ በትሪዮኒን 24፣ በሴሪን 256 እና በሴሪን 319 ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ልጁ 2.4፣ 25.6 እና 31.9 ላይ ሦስት ቀይ ይሰካል። አንባቢው 14-3-3 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀዮች አይቶ ፎክሶ-1ን ያቅፈውና ወደ ኒውክለስ ተመልሶ እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ልጁም ከጠመኔው ክብ ይወጣል። በዚያው ጊዜ ከክሬብ ላይ ፎስፋቴዞች ቀዩን ይነቅሉለታል። አንዷ ቀይ ስትፈታ ሌላው ቀይ ሲሰካ፣ ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ስኳር መሥራት ይበቃል እያሉ ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ስናደርግ የክሬብን ሜትር የያዘችው ተማሪ፣ ጾመኛም ነበረች፣ ሁለቱን ሜትሮች ጎን ለጎን ዘርግታ «ታዲያ ቀዩ ራሱ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ትርጉም የሚያገኘው በአንባቢው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በፈተና የማወጣው ጥያቄ ተለወጠ፤ «ፎስፌት ምን ያደርጋል?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ይህን ፎስፌት ማን ያነበዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የዐቢይ ጾም ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይ የሚሰካውና የሚነቀለው ያው ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው።

ምልክቱ ምክንያት መሆኑን ማረጋገጥ

ቀይ ከተሰካ በኋላ ፕሮቲኑ ቦታ ቢቀይር፣ ቀዩ አስወጣው ለማለት ገና ነው፤ ምናልባት ሁለቱም በሌላ ሦስተኛ ነገር የመጡ ይሆናሉ። ተመራማሪዎች ይህን የሚፈትኑት ምልክቱ የሚቀመጥበትን አሚኖ አሲድ ራሱን በመለወጥ ነው። ሴሪንን አላኒን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ሲተኩት ፎስፌት የሚለጠፍበት ቦታ አይኖርም። በሜትሩ ላይ እንዲህ ያድርጉት፤ 2.4፣ 25.6 እና 31.9 ላይ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ከእንግዲህ እዚያ መርፌ ቁልፍ አይገባም። በእውነተኛው ሕዋስ ሦስቱም ቦታዎች አላኒን የተደረጉበት ፎክሶ-1 ኢንሱሊን ቢመጣም ከኒውክለስ አይወጣም። ክሬብም ሴሪን 133ን በአላኒን ሲያጣ ለሳይክሊክ ኤኤምፒ መልስ አይሰጥም። ይህ ነው ምክንያት መሆኑን የሚያሳየው።

በተቃራኒው ሴሪንን በአስፓርቴት ወይም በግሉታሜት በመተካት፣ ኔጋቲቭ ቻርጃቸው ፎስፌትን እንዲያስመስል የሚደረግበት መንገድም አለ። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ማስመሰሉ አንዳንድ አንባቢዎችን ያታልላል እንጂ ሁሉንም አያታልልም፤ 14-3-3 ብዙውን ጊዜ እውነተኛውን ፎስፌት ይፈልጋል። ስለዚህ አስፓርቴቱ ምንም ውጤት ካላሳየ፣ ፎስፌቱም ምንም አያደርግም ብለው አይጻፉ።

ከሐረጎ በላይና በታች

አሁን ነጩን ጨርቅ ያንሡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ያወርዳል። በሁለቱም ከተሞች አየሩ 21 በመቶ ያህል ኦክሲጅን ነው፤ የሚለየው ግፊቱ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ሕዋስ የሚደርሰውን የኦክሲጅን መጠን የሚለካበት መሣሪያ ሂፍ የተባለው ጂን ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

ሂፍ-1 አልፋን በ82.6 ላይ ያጥፉት። ኦክሲጅን በበቂ ሁኔታ ሲኖር ፒኤችዲ የተባሉ ኢንዛይሞች ፕሮሊን 402 እና ፕሮሊን 564 ላይ ሃይድሮክሲል ይለጥፋሉ፤ 40.2 እና 56.4 ላይ ሁለት ነጭ ይስኩ። ለጣፊዎቹ የሚለጥፉትን ኦክሲጅን የሚወስዱት በቀጥታ ከኦክሲጅን ጋዙ ነው፤ ብረትም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኦክሲጅን ሲያንስ ትእዛዝ የሚሰጣቸው ሳያስፈልግ ሥራቸው ራሱ ይቀንሳል፤ እኔን በዚህ ሁሉ ውስጥ ከምንም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፣ የሚለካው ነገር ራሱ የሚለጠፈው ነገር ሆኖ መገኘቱ። ነጩን የሚያነበው ቪኤችኤል የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ያነበበውን ሂፍ ይይዝና ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ላይ እንዲቀጠልበት ያደርጋል፤ ጥቁር የተሰካበትን ፕሮቲያዞም የተባለው መፍጫ ይበላዋል። ኦክሲጅን ባለበት ሕዋስ ውስጥ ሂፍ-1 አልፋ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እየተሠራ ይፈጫል፣ እየተሠራ ይፈጫል፤ ኦክሲጅን ሲያንስ ግን ነጩ ስለማይለጠፍ ይተርፋል፣ ወደ ኒውክለስ ይገባል፣ ጂኖቹን ያስነብባል።

አሁን ሦስተኛ ነጭ 80.3 ላይ ይስኩ፤ አስፓራጂን 803 ነው። ለጣፊው ሌላ ኢንዛይም ነው፣ አንባቢውም ሌላ ነው። ይህ ነጭ ሂፍን አያስፈጨውም፤ ሲቢፒ እንዳይዘው ይከለክለዋል። ጾመኛው ጉበት ውስጥ ያየነው ያው ሲቢፒ ነው፤ እዚያ ቀይ ጠርቶት መጣ፣ እዚህ ነጭ አባረረው። ያው ሃይድሮክሲል ፕሮሊን ላይ ሲሆን ሞት፣ አስፓራጂን ላይ ሲሆን ብቸኝነት ማለት ሆነ። አራቱን ጥያቄዎች ለነጮቹ በየራሳቸው ሞልተው ካነጻጸሩ፣ ቦታን መጻፍ ለምን የመጀመሪያው ጥያቄ እንደሆነ ያገኙታል።

ዕድሜውን በባሕር ዳርቻ ያሳለፈ ሰው ከጅቡቲ ወደብ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ቢደርስ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ወጥቶ ጥቂት ቀን ቢቆይ፣ ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ይህም የአጥንት መቅኒን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ ያነሣሣዋል። በኩላሊት ውስጥ ይህን የሚመራው በዋናነት የሂፍ-1 አልፋ ወንድም የሆነው ሂፍ-2 አልፋ ነው፤ የሚለጠፍበትና የሚፈጭበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ከዚህ ተነሥተው ግን የደጋ ሰው ሁሉ ደሙ የወፈረ ነው ብለው አይደምድሙ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ትውልድ የኖረበት ቦታና ትናንት የተወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም።

የላቦራቶሪ ፎቶ ሲያነቡ

ሜትሩን ከለመዱ በኋላ የምርምር ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን የፕሮቲን ፎቶዎች፣ ዌስተርን ብሎት የሚባሉትን ጥቁር መስመሮች ያገኛሉ። ሁልጊዜ ሁለት ረድፍ ይፈልጉ፤ አንዱ ፎስፌት የተለጠፈበትን ፕሮቲን ብቻ የሚያሳይ፣ ሁለተኛው የፕሮቲኑን ጠቅላላ መጠን የሚያሳይ። የመጀመሪያው ረድፍ ስለደበዘዘ ብቻ ፎስፌቱ ተነቀለ አይበሉ፤ ጠቅላላውም አብሮ ደብዝዞ ከሆነ የጠፋው ፕሮቲኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። ዩቢኪዊቲን ሲሆን መስመሩ አንድ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጥቁር 8,500 ዳልተን ገደማ ስለሚጨምር ወደ ላይ እንደ መሰላል ይደረደራል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ቁጥር ነው። የአይጥ ፎክሶ-1 ከሰው በሦስት አሚኖ አሲድ ስለሚያጥር፣ በሰው ሴሪን 256 የሆነው በአይጥ ሴሪን 253 ነው፤ 319 ደግሞ 316 ይሆናል፤ ትሪዮኒን 24 ግን በሁለቱም 24 ነው። ሁለት ጽሑፍ የተለያየ ቁጥር ቢሰጥዎ ከመደናገርዎ በፊት የማን ፕሮቲን እንደሆነ ይመልከቱ።

ብቻዎን የሚሠሩት

አንድ ሜትር 39.3 ላይ ያጥፉ፤ ይህ ፒ53 ነው፣ ዲኤንኤ ሲጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደው ተቆጣጣሪ። ኤምዲኤም-2 የተባለ ፕሮቲን መጀመሪያው ላይ፣ ከ1.8 እስከ 2.6 ባለው አካባቢ ይይዘዋል፤ ይዞም በተለይ በሌላኛው ጫፍ፣ ከ37.0 እስከ 38.6 ባሉት ስድስት ላይሲኖች ላይ ጥቁር እንዲሰካ ያደርጋል። ስለዚህ ሜትሩን አጥፈው ሁለቱን ጫፎች ያገናኙ፣ ጥቁሮቹንም ይስኩ፤ ፒ53 በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ለምን በጣም ጥቂት እንደሚሆን ያያሉ። ከዚያ ዲኤንኤው ተጎዳ ይበሉ፤ 1.5 እና 2.0 ላይ ሁለት ቀይ ይስኩ፤ የኤምዲኤም-2 እጅ ይላላል፣ ጥቁር መሰካቱ ይቀንሳል። ቀጥለው ቢጫውን ያንሡና በእነዚያው ስድስት ላይሲኖች ላይ ጥቁር ይኖርባቸው በነበረው ሚሊ ሜትር ይስኩት። አንድ ላይሲን በአንድ ጊዜ አሴቲልንም ዩቢኪዊቲንንም መያዝ አይችልም፤ በአንድ ሚሊ ሜትር የሚገባው አንድ መርፌ ቁልፍ ነው። አራቱን ጥያቄዎች ለቀዩ፣ ለጥቁሩና ለቢጫው በሦስት የተለያየ ገጽ ይጻፏቸው፤ አንባቢ የሚለውን መስመር በመጨረሻ ይሙሉት፣ ውጤቱንም ከእሱ በኋላ።